ሊግ ፓስ፦ ዱራንት ያለ ኳስ ምን ይሠራል?

ሊግ ፓስን፣ የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ጨዋታዎች በክፍያ የሚታዩበትን አገልግሎት፣ የገዛሁት በተጫዋቹ በኬቪን ዱራንት ምክንያት ነው። ልጁ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው፤ ከእኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። በ2016 ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ዋሽንግተኑ ቡድን ወደ ዊዛርድስ ይመጣል ብለን አሰፍስፈን ነበር። እሱ ጁላይ 4 ቀን ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን መረጠ። 73 ጨዋታ አሸንፎ 9 ብቻ የተሸነፈ ቡድን! እዚያ ምን ጎድሎ ነው?

ሥራዬ የማታ ፓርኪንግ ነው። መኪና ሲመጣ ስልኬ ላይ ጨዋታውን አቆማለሁ፣ ሲያልፍ እቀጥላለሁ። ስለዚህ ለእኔ የሊግ ፓስ ዋናው ነገር ቀጥታ ስርጭቱ ሳይሆን ድጋሚው ነው። አዲስ ኮከብ ከቡድን ጋር መግጠም አለመግጠሙ የሚታየውም እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ ሲያዩ ነው።

ዱራንት በቀድሞ ቡድኑ ኦክላሆማ እያለ ኳስ ይይዛል፣ ሌላው ቆሞ ያየዋል። በጎልደን ስቴት አሠልጣኝ በስቲቭ ከር ቡድን ግን ኳስ አቀብሎ መቆም የለም። ሰጥተህ ትሮጣለህ፣ ስክሪን ትሠራለህ (ቆመህ በሰውነትህ የጓደኛህን ተከላካይ ትዘጋለህ)፣ ትመለሳለህ። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በሜዳቸው በሳን አንቶኒዮ 129 ለ 100 ተሸነፉ። ዱራንት 27 ነጥብ አግብቷል፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ምንም አልጎደለም።

የገና ዕለትም እንዲሁ። ዱራንት 36፣ የቡድኑ ነባር ኮከብ ስቴፍ ከሪ 15 ነጥብ፣ ክሊቭላንድ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። እንግዳው ጠግቦ ባለቤቱ ጦሙን አደረ። ከሪም ከዚያ በኋላ ፒክ ኤንድ ሮል (ኳስ ለያዘው ስክሪን ሠርቶ ወደ ቅርጫቱ መሮጥ) ይብዛልኝ ብሎ በግልጽ ተናገረ። ልክ ነበር። ለእንግዳ ክብር ተብሎ የቡድኑ ሞተር ይጠፋል እንዴ?

ቀስ በቀስ መፍትሔው መጣ። ከሪ ራሱ ለዱራንት ስክሪን ይሠራ ጀመር። እዚህ ጋ አቁማችሁ እዩ፤ ሁለት ተከላካዮች ተያይተው ከሪን ላለመልቀቅ ሲሉ ረጅሙን ሰውዬ ይረሱታል። የ2017 ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ዱራንት ኳስ እየገፋ ሲመጣ ክሊቭላንዶች ወደ ሶስት ነጥብ መስመር፣ ወደ ከሪ ሮጡ። መሐሉ ባዶ ቀረ። ሰውዬው ያለ ከልካይ ገብቶ ሰካት። ይቺን ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየኋት አትጠይቁኝ።

ኮሜንታተር መምረጥ ይቻላል፤ የሜዳው ባለቤት ወይም የእንግዳው። እኔ የዋሪየርስን እመርጥ ነበር፣ ያኔ ጂም ባርኔት ስለነበረ። ድሮ ተጫዋች ነበር፣ ማን ለማን ቦታ እንደከፈተ ይነግርሃል። አጠር ተደርጎ የሚቀርበው ቅጂ ውጤት ለማወቅ ለሚቸኩል ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ሙሉውን እዩ።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ደንብ አለ፤ የአካባቢያችሁ ቡድን ጨዋታ በቀጥታ አይታይም፣ ዘግይቶ ነው የሚገኘው። ለእኛ ያ ማለት ዊዛርድስ ነው። ዱራንት ጉልበቱን የተጎዳው ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 እዚሁ ዋሽንግተን ነው! እሱ በሌለበት ቡድኑ መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ በተከታታይ ያሸንፍ ጀመር፤ ከሪም ወደ ድሮው ተመለሰ። ዱራንት ኤፕሪል ላይ ሲመለስ ሁለቱም አብረው ሠሩ። በፕሌይኦፍ 16 አሸንፈው የተሸነፉት አንድ ነው።

ዋጋው ብዙ ጊዜ የውድድር ዓመቱ ሲጋመስ ይቀንሳል። አንድ ቡድን ብቻ የምትከታተሉ ከሆነ የአንድ ቡድኑ ጥቅል ይበቃችኋል፣ ሙሉውን አትግዙ።