ውዱ ወይስ ርካሹ? ኑሮ ሲወደድ የመዋቢያ አመራረጥ

ባለፈው ወር መሳቢያዬን አውጥቼ አልጋ ላይ ገለበጥኩት። አምስት የተጀመሩ ክሬሞች፣ ሦስት ሴረሞች (ፊት ላይ የሚቀቡ ቀጫጭን ፈሳሾች)፣ ቀለማቸው የሚመሳሰል አራት ሊፕስቲኮች፣ አንድ የደረቀ ማስካራ። ከሴረሞቹ አንዱ ባለ ቫይታሚን ሲ ነው። ስገዛው ውሃ ይመስል ነበር፤ አሁን ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል። ግማሹን እንኳ አልተጠቀምኩበትም። በዚያው ሳምንት የቤት ኪራይ ተጨምሮብኝ ከአስቤዛ ላይ ምን ልቀንስ እያልኩ ስደምር ስቀንስ ነበር። ገንዘቤ የት እንደገባ አልጋው ላይ ተዘርግቶ አየሁት።

መዋቢያ ቅንጦት ነውና ተዉት ልላችሁ አይደለም። ቆዳው ደርቆ የሚሰነጠቅበት፣ ማድያት ወይም ብጉር ያስጨነቀው ሰው ይህን ቢባል ያዝናል፤ ልክም ነው። ኑሮ ሲከብድ ራስን መጠበቅ ጭራሽ ያስፈልጋል። የመዋቢያ አምራቹ የኢስቴ ሎደር ኩባንያ ሊቀመንበር የነበሩት ሌናርድ ሎደር በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ሰው ሊፕስቲክ አብዝቶ ይገዛል ብለው ነበር። በሁሉም ቀውስ እንዲያ ባይሆንም ስሜቱን አውቀዋለሁ። ትልቁ ነገር ከእጅ ሲርቅ፣ ትንሿ ነገር ታጽናናለች። ስለዚህ ጥያቄው እንግዛ ወይስ አንግዛ አይደለም። የቱ ላይ እናውጣ፣ የቱ ላይ እንቆጥብ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ዋጋን ከዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንዱ ክሬም የሌላው እጥፍ ነው እንበል። ነገር ግን ርካሹ 50 ሚሊ ሊትር ሲሆን ውዱ 150 ከሆነ፣ በሚሊ ሲሰላ ውድ ያላችሁት ረከሰ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ዋጋውን ለሚሊው አካፍሉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ የሚበልጠው ግን በወር ስንት ያስወጣል የሚለው ነው። እኔ አሁን እቃ ስከፍት ቀኑን በማርከር ከሥሩ እጽፋለሁ። ሲያልቅ ዋጋውን ለቆየበት ወር አካፍላለሁ። ውድ የመሰለኝ ወፍራም ክሬም አምስት ወር ሲቆይ፣ ርካሹ ቀጭን ሎሽን በሦስት ሳምንት አልቆ አየሁ። በዚያው ሌላም ነገር ተማርኩ። የሎሽኑ ፓምፕ አየር ብቻ መትፋት ሲጀምር ጠርሙሱን በመቀስ ከወገቡ ቆረጥኩት። ከግድግዳው ላይ በጣቴ እየጠረግኩ ያወጣሁት ለዘጠኝ ቀን በቃኝ። ስንቱን ጠርሙስ እንዲያው እንደጣልኩ ሳስበው ቆጨኝ።

የሚታጠበው ወይስ የሚቆየው?

ለእኔ ዋናው መለያ ይህ ነው። የፊት ማጠቢያ ፊታችሁ ላይ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ቫይታሚን ይሁን የአበባ ዘይት፣ ምንም ቢጨመርበት አብዛኛው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሻምፖም እንደዚያው። በነዚህ ላይ ወደ ርካሹ ውረዱ፣ የምታጡት ነገር የለም።

ርካሽ ማለት ግን ያገኙትን ሳሙና ማለት አይደለም። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ ነው፤ ተራ የገላ ሳሙና ደግሞ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ፊታችሁን ታጥባችሁ ስትነሱ ቆዳው ውጥር ካለባችሁ፣ ጸድቷል ማለት ሳይሆን መከላከያ ቅባቱ ተገፎ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ያንን ለመጠገን ክሬም ትገዛላችሁ። ሽታ የሌለው፣ ለስላሳ፣ ርካሽ የፊት ማጠቢያ ይሻላል።

ፀጉራችሁ ደረቅ ወይም ጥቅልል ከሆነ ከሻምፖው የተረፈውን ገንዘብ ተቀብተው የማይታጠቡት ኮንዲሽነር ላይ አውሉት። እሱ ፀጉሩ ላይ ያድራል።

ውድ ክሬም ወይስ ርካሽ ክሬም?

የክሬም ሥራ ቆዳን ማርጠብና እርጥበቱ እንዳይወጣ መያዝ ነው። እርጥበት ከሚስቡት ውስጥ ግሊሰሪን አንዱ ነው፤ ርካሽም ነው። እርጥበትን አምቆ በመያዝ ደግሞ ቫዝሊንን የሚያህል የለም። ሮበርት ቼዝብሮ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1872 (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው እቃ ነው፤ እስካሁን ቦታውን አልለቀቀም። ውድ ክሬሞችን ገልብጣችሁ ብታነቡ ግሊሰሪንን ከላይ ከላይ ታገኙታላችሁ። ውዱ የሚበልጠው አብዛኛውን ጊዜ በልስላሴው፣ በመዓዛውና በብልቃጡ ነው። ልስላሴ ከንቱ ነው አልልም። የሚያጣብቅ ነገር ማንም በየቀኑ አይቀባም። ለእሱ ስንት እንደምትከፍሉ ግን እወቁት።

አነባበቡን ላሳያችሁ። በማሸጊያው ጀርባ ያለው ዝርዝር ከብዙው ወደ ትንሹ ነው የሚሄደው። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ፌኖክሲኢታኖል የሚል ስም ፈልጉ። እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተደረደረው ሁሉ ኢምንት ነው። ከፊት ለፊት በትልቁ የተሳለው አበባ ከፌኖክሲኢታኖል በታች ከተገኘ፣ የከፈላችሁት ለሥዕሉ ነው። እንደ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ያሉ ጥቂቶች ግን በትንሽ መጠንም ይሠራሉ፤ እነሱን በዚህ አትለኩ።

ባለ ኮላጅን ክሬም? ኮላጅን በጣም ትልቅ ሞለኪውል ነው፣ በቆዳ አልፎ አይገባም። ላይ ተቀምጦ ያረጥባል፤ ይህንን ደግሞ ግሊሰሪን በርካሹ ይሠራዋል። የዓይን ዙሪያ ክሬም የሚባለውም ብዙ ጊዜ በትንሽ ብልቃጥ የተሸጠ የፊት ክሬም ነው። ቶነርንም (ከታጠቡ በኋላ ፊት ላይ የሚደረገውን ፈሳሽ) ብትዘሉት ችግር የለውም።

ብራንድ ለሚያሳስባችሁ ደግሞ፣ ላንኮም፣ ጋርኒየር፣ ሜይቤሊንና ሴራቪ ሁሉም የአንድ ኩባንያ፣ የሎሪያል ናቸው። ውስጣቸው አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ርካሹ ሥራውን በማያውቅ ሰው አልተሠራም።

ሰንስክሪን፦ 30 ወይስ 50?

ሌላውን ሁሉ ብትቀንሱ ይህን የፀሐይ መከላከያ አትንኩ። የማድያት ክሬም ገዝቶ ሰንስክሪን የማይቀባ ሰው ገንዘቡን ፀሐይ ላይ እያሰጣ ነው። በሌሊት የጠገነውን ቀን ያፈርሰዋል። ጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፣ እውነት ነው። ጥቁር ነጥብና ማድያት ግን ጥቁር ቆዳ ላይ ነው በርትቶ የሚቆየው።

ኤስፒኤፍ ሰንስክሪን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው። 30 ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይከላከላል። 50 ደግሞ 98 በመቶ። ልዩነቱ አንድ ነው። ለዚያች አንድ ብዙ የሚያስከፍሏችሁ ከሆነ 30ው ይበቃል። ከቁጥሩ የሚበልጠው የምትቀቡት መጠን ነው። ይህ ቁጥር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ግማሽ እንኳ አይቀባም። ለፊትና ለአንገት በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ርዝመት ልክ ሁለት መስመር ማውጣት አለባችሁ።

እዚህ ላይ ውድ ትንሽ ቲዩብና ርካሽ ትልቅ ቲዩብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ውዱን እንዳያልቅ እየሳሳችሁ በጣት ጫፍ ትነካላችሁ። ርካሹን እንደልብ ትቀባላችሁ። እንደልብ የተቀባ 30 በስስት ከተቀባ 50 ይበልጣል። ከቤት ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለ፤ ስለዚህ ቲዩቡ ቶሎ ያልቃል። ይህን ቀድማችሁ በጀት ውስጥ አስገቡት።

መለያው ላይ ብሮድ ስፔክትረም (ከሚያቃጥለው ጨረር ሌላ ዩቪኤ የሚባለውንም የሚከላከል ማለት ነው) የሚል ወይም በክብ ውስጥ ዩቪኤ የሚል ምልክት ይኑር። ከሌለው ርካሽም ቢሆን አትግዙት። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ማዕድን ያለው ሰንስክሪን ጥቁር ፊት ላይ አመድ የመሰለ ነገር ሊተው ይችላል፤ ከቻላችሁ እጃችሁ ላይ ሞክሩት። ማድያት ካለባችሁ ግን ጥቂት ጨምራችሁ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትን ፈልጉ። ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ነው፤ አይረን ኦክሳይድ ያንንም ይከላከላል። ውዱን ግዙ የምላችሁ ቦታ ጥቂት ነው፣ ይህ አንዱ ነው።

ቫይታሚን ሲ ወይስ ናያሲናማይድ?

ሴረም አንድ ይበቃል። አራት ሴረም መደራረብ ፊትን ያስቆጣል፣ ኪስንም ያራቁታል። ቫይታሚን ሲ ጥሩ ነው፣ ግን ብርሃንና አየር ያበላሹታል፤ የእኔን ብልቃጥ አይታችኋል። ናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ግን አይለወጥም፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ ባለው መጠን ይሠራል፣ ወዝንም ጥቁር ነጥብንም ይቀንሳል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። እኔን ካያችሁ ከእሱ ጀምሩ። ቫይታሚን ሲ የምትፈልጉ ከሆነ ብርሃን በማያስገባ ብልቃጥ፣ ትንሹን ግዙና ቶሎ ጨርሱት። ሬቲኖልን ለእርጉዝ ሴት አልመክርም።

ሎሚ ፊት ላይ ማሸት ነጻ ነው የሚሉ አሉ። አሲዱ ቆዳን ይልጣል፤ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ያንን ለማጥፋት የሚወጣው ገንዘብ ከክሬሙ ይበልጣል።

ማስካራ፣ ፋውንዴሽን

ማስካራ ርካሹን። ከተከፈተ በኋላ ባክቴሪያ ስለሚያፈራ በሦስት ወር ገደማ መጣል አለበት፤ ለሚጣል ነገር ብዙ አይወጣም። ፋውንዴሽን ላይ ግን ጨመር አድርጉ፣ የሚጨመረውም ለብራንዱ ሳይሆን ለቀለሙ ነው። ከቆዳችሁ ጋር የማይሄድ ርካሽ ፋውንዴሽን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያረጀው።

ትልቁ ጠርሙስ ወይስ ትንሹ?

ትልቁ በሚሊ ይረክሳል፣ ከጨረሳችሁት። ከጀርባው ክዳኑ የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕል ይኖራል፤ ውስጡ 6ኤም ወይም 12ኤም ይላል። ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው የሚነግራችሁ። የገላ ሎሽን ትልቁን ግዙ፣ ቤተሰብ ይጨርሰዋል። አዲስ የፊት ክሬም ግን ትንሹን፤ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ለጥቂት ቀን ሞክሩት።

ርካሽ ሆኖ የሚያስከፍለው

ታናሽ እህቴ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። «እስቲ ይሄንን እይልኝ፣ በሳምንት ያቀላል ይላል፣ ዋጋው ደግሞ ከሰንስክሪንሽ ግማሽ ነው» አለችኝ። ፎቶውን አጉልቼ ጀርባውን ፈለግኩ። የንጥረ ነገር ዝርዝር የለውም። ወርቅና ብር እንዳይነካው የሚል ማስጠንቀቂያ ግን አለው።

ያ ማስጠንቀቂያ የሜርኩሪ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ከተቀባው ሰው አልፎ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆችንም ይደርሳል። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከመዋቢያ እንዲወጣ ተወስኗል፤ ገበያ ላይ ግን አሁንም አለ። ካሎሜል የሚል ካያችሁም ሜርኩሪ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉ ስቴሮይዶች አሉባቸው። መጀመሪያ ፊት ይጠራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታይበታል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶበት ይመለሳል። የታወቀ ብራንድ ፌክም እዚሁ ይገባል። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ከወረደ፣ በማሸጊያው ላይ ፊደል ከተሳሳተ፣ ባች ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) ከሌለው፣ ተዉት። እዚህ ቦታ ላይ እለምናችኋለሁ፤ ገንዘብ ከሌለ ባዶ ፊት ይሻላል።

እህቴ አልገዛችውም። በዚያው ገንዘብ ሽታ የሌለው ትልቅ ሎሽን ገዛን፣ ለሁለታችን።

በጀቱ በጣም ሲጠብ

እኔ የምቀንሰው በዚህ ተራ ነው። መጀመሪያ ቶነርና የዓይን ክሬም ይወጣሉ። ቀጥሎ ተጨማሪው ሴረም። ከዚያ አዲስ የሜካፕ ቀለም። ሻምፖና የፊት ማጠቢያ ወደ ርካሹ ይወርዳሉ። በመጨረሻ ሦስት ነገር ይቀራል፦ ማጠቢያ፣ ማርጠቢያ፣ ሰንስክሪን። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ እሱ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው፣ አይነካም።

በዚህ ወር የገዛሁት ሰንስክሪን ብቻ ነው። ሊፕስቲክ አልገዛሁም፤ ከአራቱ የመጀመሪያውን እየጨረስኩ ነው። ከጠርዙ እኩል ሲሆን ያለቀ ይመስላል። በትንሽ ብሩሽ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ገና ብዙ አለው። ዛሬ ጠዋት የተቀባሁት ከዚያ ነው።