ዘንግ ይዞ የሚያጠምደው ዓሣ እና የምገዛበት ሱቅ

በስዊድኗ ከተማ ዮተቦሪ (ጎተንበርግ) ውስጥ ፌስኬሾርካ የሚባል የታወቀ የዓሣ አዳራሽ አለ። ትርጉሙ «የዓሣ ቤተ ክርስቲያን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የተከፈተ ሲሆን ከውጭ ሲያዩት እውነትም ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። እኔ ስዊድን በገባሁ ሰሞን ሳላውቅ ተሳልሜው አልፌያለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም። ከትራም ወርጄ ስለምገባባት አንዲት ጠባብ ዓሣ ቤት ነው። ስሟን አልናገርም፤ ሰልፉ አሁንም ይበቃኛል።

እዚያ ያደረሰኝ ብስጭት ነው። ከአንድ ሱፐርማርኬት ማሩልክ የሚሉትን ዓሣ ገዛሁ። ነጭ፣ ወፍራም፣ እሾህ የሌለው ፊሌቶ። ሐዋሳ ላደገ ሰው ዓሣ መጥበስ ምን ይከብዳል ብዬ መጥበሻ ላይ ጣል አደረግኩት። ተኮማትሮ ተጠቀለለ። ከዚያ ውኃውን ለቀቀው። ጥብስ ያልኩት ቅቅል ሆነ፤ ሲታኘክ ደግሞ ጎማ። በኪሎ ወደ 500 ክሮነር ከፍሎ ጎማ ማኘክ ያንገበግባል።

ይህንን ለሽማግሌው ባለሱቅ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ገለፈቱን ገፈፍሽው?» አሉኝ። ለካ ሥጋው ላይ ስስ ገለፈት አለ። እሳት ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሥጋውንም አብሮ ይጎትታል። እሳቸው በቢላ ጫፍ ይይዙና ሽልቅቅ ያደርጉታል። ጨው ነስንሼበት ትንሽ እንዳቆየው፣ የሚወጣውን ውኃም እንዳደርቀው መከሩኝ። የሱፐርማርኬቱ ልጅ ይህችን አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ይህን ቤት የወደድኩት ግን ዓሣውን ከነጭንቅላቱ በረዶ ላይ ስለሚያስተኙት ነው። ሌላ ቦታ ጅራቱን ብቻ ነው የምታዩት። ለምን እንደሚደብቁት ያየሁት ቀን ገባኝ። ሰውነቱ ጭንቅላት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሰፊና ጠፍጣፋ፣ መኪና የሄደበት የሚመስል። አፉ ከዳር እስከ ዳር ነው። መንጋጋው ዙሪያ የተተለተለ ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ልክ ያልተቋጨ የነጠላ ጫፍ። ባሕር ወለል ላይ ሲተኛ ይህ ቆዳ የባሕር ሣር ይመስላል፤ ዓሣው የት እንዳለ አይታወቅም።

ሽማግሌው አናቱ ላይ ያለችውን ቀጭን ዘንግ በጣታቸው ብድግ አደረጓት። ጫፏ ላይ ብጣሽ ቆዳ አለች። ዘንጓ የጀርባው ክንፍ የመጀመሪያዋ እሾህ ናት፤ ወደ ፊት መጥታ ማጥመጃ ሆናለች። ዓሣው አሸዋው ላይ ተጋድሞ እሷን ብቻ ይወዘውዛል። ትንሽ ዓሣ ምግብ አገኘሁ ብሎ ጠጋ ሲል ያ አፍ ይከፈታል። ውኃውም ዓሣውም አብረው ይገባሉ። አሪስቶትል ይህን ጉድ ከ2300 ዓመት በፊት ጽፎታል። እኔ ገና አሁን ሰማሁ።

ቀጥለው እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። ወደ አፉ ሲያስገቡት ጥርሶቹ ወደ ውስጥ እጥፍ እጥፍ እያሉ አሳለፉት። መልሰው ሲስቡት ቀጥ ብለው ቆሙና ያዙት። የሞተ ዓሣ ነው እንግዲህ!

ሆዱም ይለጠጣል፤ የራሱን ያህል የሚሆን ዓሣ ይውጣል። የአሜሪካው ዘመዱ ሆድ ውስጥ የባሕር ወፍ ሁሉ ተገኝቷል። መዋኘት ላይ ግን ሰነፍ ነው። የደረቱን ክንፎች እንደ እጅ እየተደገፈ ወለሉ ላይ ይድሃል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። እንቁላሏን የምትጥለው 10 ሜትር ሊደርስ በሚችል ዝልግልግ መጋረጃ ውስጥ ሲሆን፣ መጋረጃው ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ይይዛል።

እንግሊዞች «መነኩሴ ዓሣ» ይሉታል። ጀርመኖች ደግሞ «የባሕር ሰይጣን»። እኔ ከጀርመኖቹ ጋር ነኝ።

እማዬን በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። «በስመ አብ!» አለችና ወዲያው «ቅርፊት አለው?» ብላ ጠየቀች። የለውም። ቆዳው እንደ አምባዛ ልሙጥ ነው። እሷ ደግሞ ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እንኳ አምባዛ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት።

«ክንፍ ግን አለው» አልኳት።

«ስለ ክንፉ ማን ጠየቀሽ?»

እኔ ግን በላሁት። በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል። ቆሮሶ ቢሆን መጥበሻው ላይ ይፈራርስ ነበር፤ ይህኛው እንደ ሥጋ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ይቆማል። ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ አኝከው ሲያዩት ሎብስተር ወደሚሉት ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚጠጋ ነው። ለዓሣ ጥብስ ከዚህ የሚሻል እዚህ አገር አላገኘሁም።

ቅሬታም አለኝ። ሚዛን ላይ የሚወጣው ገለፈቱ ሳይገፈፍ ነው። ስለዚህ ለሚጣለውም ትከፍላላችሁ። ይህ አልተዋጠልኝም፤ ነገርኳቸው። ምንም ሳይመልሱ ከጭንቅላቱ የጉንጩን ሥጋ ፈልፍለው ጨመሩልኝ። ጉንጩ ከጅራቱ ይጣፍጣል፤ እናንተም ጠይቁ። ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ቅዳሜ አትሂዱ።

ለሾርባ የሚሆን ጭንቅላት በርካሽ ይሸጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ድስታችሁን ለኩ። ጠንካራ ዘንቢልም ያዙ። እኔ በስስ ፌስታል ይዤ ትራም ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀደደብኝ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሕፃን አልጮኸችም። ትንሽ አፍጥጣ አየችውና ዘንጓን ልትነካ ጣቷን ዘረጋች።