ከ14 ወር በኋላ፦ የቸርችል ዳገት፣ ፒክአፔና የራዲያተሯ ክዳን

ስለዚህች መኪና ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ማክሰኞ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተዘግቶብኝ ስቆም የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ንቅንቅ ስላላለ ነው። ለሌላው ሰው ይህ ወሬ አይደለም። እኔ ግን ባለፈው ዓመት እዚያው አደባባይ ላይ አራት ጊዜ ኮፋኖ ከፍቼ፣ በእንፋሎት ታጥኜ፣ ከኋላዬ የቆመው ታክሲ በክላክስ ሲያደነቁረኝ ባዶ ሃይላንድ ይዤ ውሃ የለመንኩ ሰው ነኝ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራች ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገርም አልደረሰበትም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ትንሽ ማተሚያ ቤት ስላለኝ ወረቀት ከለገሃር ወደ ላይ ታመላልስልኛለች። የቸርችል ጎዳናን የማያውቅ ካለ፣ ከለገሃር ተነስቶ በብሔራዊ ቴአትርና በዋናው ፖስታ ቤት በኩል እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ የሚወጣ ረጅም ዳገት ነው። ላይኛው ጫፉ ላይ ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቅዎታል።

ደላላው ሲያሻሽጠኝ «ጋሼ፣ ይቺ የእርዳታ ድርጅት መኪና ናት፤ ሞተሩ ያልተነካ ነው፤ ዳገት የሚባል ነገር አታውቅም» ብሎኝ ነበር። በዚህስ አልዋሸም። በእርግጥም አታውቅም ነበር፤ ያስተዋወቅኋት እኔ ነኝ።

ገና ከጅምሩ የገረመኝ ነገር ነበር። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት እስከ እንጦጦ ብወጣባት ምንም አትልም። ወረቀት ጭኜ አሥር ሰዓት ላይ ከፖስታ ቤቱ በላይ እንደ ኤሊ ስሳብ ግን መርፌው መውጣት ይጀምራል። ስትሮጥ የማትሞቅ፣ ስትቆም የምትፈላ መኪና በራሷ አንደበት ችግሯን እየተናገረች ነበር። አልሰማኋትም። የሰማሁት መካኒኮቹን ነው።

የመጀመሪያው «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ብሎ አወረደው፣ አጠበው፣ 4,500 ብር። ሁለተኛው የውሃ ፖምፓውን ቀየረ፣ 9,000 ብር። ሦስተኛው ምንም አልቀየረም፤ ቴርሞስታቱን ነቅሎ «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ወደ ጥግ ወረወረው። ይህን ምክር በከተማው ያልሰማ ባለ መኪና ያለ አይመስለኝም። ወንድሜ ሆይ፣ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ወደ ሥራ ሙቀቱ እንዲደርስ የሚያደርግ የውሃ በር ነው እንጂ የብርድ ልብስ አይደለም! በሩ ተነቅሎ በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋች፣ ናፍጣ እየጠጣች ሰነበተች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቴዎድሮስ ላይ እንደ ልማዷ ፈላች። በአንድ ቀን መብረድንም መፍላትንም አዳረሰችልኝ።

አራተኛው ፊቱን አጨማዶ «ቴስታታው ይነሳ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» አለ፤ የሞተሩ ራስ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ማለቱ ነው። 65,000 ብር፣ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ሌላ። እዚህ ላይ ነው የቆምኩት፤ ብልህ ስለሆንኩ ሳይሆን ገንዘቡ ስላልነበረኝ ነው። ጓርኒሲዮን ሲበላ የሚያሳየውን አንድ በአንድ አየሁ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍቼ አስነሳኋት፤ በራዲያተሩ አፍ አረፋ አይወጣም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም። ከሞቀች በኋላ ከጭስ ማውጫው የሚንቦለቦል ነጭ ጭስም የለም። ታዲያ ቴስታታው ለምን ይነሳል? ለመካኒኩ ቤት ኪራይ ካልሆነ በስተቀር።

መልሱን ያገኘሁት ግንቦት ላይ ነው፤ አንድ ጠዋት ኮፋኖውን ስከፍት የላይኛው የራዲያተር ጎማ (የውሃው ቱቦ) ልክ ልጅ እንደጠባው የጭማቂ ላስቲክ ተጨምድዶ ተጣብቋል። የመጠባበቂያው ጠርሙስ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው ሲሞቅ ወደ ጠርሙሱ ወጥቷል፣ ሲበርድ ግን አልተመለሰም። መመለሻው ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ናት። ክዳኑን ገልብጬ አየሁት፤ ቫልቭዋ በዝገት ተጣብቃለች፣ የዳሩ ላስቲክ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ያለ ምንም ተቃውሞ ገባ።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው ደግሞ በ82 ነው። በመካከላቸው ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ! ደህና ክዳን ግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። ክዳኑ ካፈሰሰ ሞተሩ ሳይታመም ውሃው ይፈላል። እኔ ለስምንት ወር የነዳኋት ክዳኑ በደንብ ያልተከደነ ድስት ነበር።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ክዳን ጠየቅሁ። ሻጩ 1.1 የተጻፈበትን አቀበለኝ፤ ቁጥሩ ክዳኑ የሚያምቀው ግፊት ነው፣ በባር። የእኔው 0.9 ነው ስለው «ከፍ ያለው ይሻላል፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። ለእሱ ጠንካራ ይሆናል፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ለደረሰ ራዲያተርና ለደከመ የውሃ ጎማ ግን ተጨማሪ ግፊት ማለት ፍንዳታ ነው። ተከራክሬ 0.9ኙን በ800 ብር ገዛሁ፣ አዲስ ቴርሞስታት ጨመርኩ፣ ተራ ውሃውን አፍስሼ ኩላንት ሞላሁ። መርፌው ወረደ። ለጎረቤቶቼ ሁሉ አወራሁ።

ክረምቱ ሲያልፍ አፈርኩ። መስከረም ፀሐይ ስትወጣ መርፌው እንደገና መሳብ ጀመረ፤ አትፈላም፣ ግን ትሞቃለች። ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው ስትነግረኝ የነበረውን የሰማሁት፦ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ያበርዳታል፣ ስትቆም ተስፋዋ ፋኑ ብቻ ነው። ሞተሩን እንደሞቀ አጥፍቼ ፋኑን በእጄ ገፋሁት። ሊያዝ ሲገባው እንደ ልጆች ወረቀት መዘውር ተሽከረከረ። ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የፋን ክላች ውስጥ ያለው የሲሊኮን ዘይት ፈስሶ አልቋል። መካኒኩ «እንበይደውና እንገላገል» አለ። እንቢ አልኩ። የተበየደ ፋን ሌት ተቀን ይጮኻል፣ ጉልበትም ይበላል፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ ለሌለው ሞተር የሚባክን ጉልበት የለም። ከፈረሰች መኪና የወጣ ደህና ክላች ተገኘ። ማክሰኞ ዕለት ያን ሃያ ደቂቃ የቆምኩት ከእሱ ጋር ነው።

ሌላው ሁሉ ተራ ነገር ነው። ጠዋት አልነሳም ስትል ናፍጣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች፣ ሁለቱን ቀየርኩ። ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ፣ ባሌስትራዋ፣ ይጮኻል፣ ሰባት መቶ ኪሎ ወረቀት ግን ሳትንበረከክ ትሸከማለች።

ቆጭቶኛል? ጥር ላይ ብትጠይቁኝ በነጻ እሰጣችሁ ነበር። ዛሬ ያ ደላላ ደውሎ «በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ዋጋዋ ጨምሯል፣ ገዢ ላምጣ?» ቢለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ። በእነዚያ ወራት ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ በእጅ የማይገኝ አንድም ብልሽት አልደበቀችብኝም።

አሁን የቀረኝ የፊት ቀኝ ጎማዋ ነው። ክሪክ ላይ አንስቼ ስነቀንቀው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ቴስቲና፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ፣ ይመስለኛል። መካኒኩ ገና ሳያየው «መሪው በሙሉ ይውረድ» ብሏል። ቦሎ ሳይደርስ ቅዳሜ ከሥሯ ገብቼ ራሴ አየዋለሁ።