ያገለገለ ሃይብሪድ ልትገዙ ከሆነ፦ ዳሽቦርዱ ንጹህ ነው ብላችሁ አትክፈሉ

ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅ ሞተርም በባትሪም የምትሄድ መኪና ነበር የገዛሁት። ስገዛት ዳሽቦርዷ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አልነበረም። አሥር ደቂቃ ያህል ነዳኋት። ድምፅ የላት፣ ለስላሳ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በ3ኛው ቀን ዳገት ላይ ጉልበቷ ከዳት። ከኋላ ወንበር በኩል ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ይጮህ ጀመር፤ መብራቱም በራ።

መካኒኩ ስካነር፣ ማለትም የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ሲሰካ ፒ0ኤ80 (P0A80) የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ። መኪናዋን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ ደክሟል፣ ይቀየር ማለት ነው። ሻጩ ኮዱን አስቀድሞ አጥፍቶት ነበር። ኮዱ ሲጠፋ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ችግሩን እንደገና እስኪያገኘው ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። እኔ የከፈልኩት በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ፣ ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። ኮድ ሲሰረዝ መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽባቸው ምርመራዎች «አልተጠናቀቀም» ወደሚለው ይመለሳሉ። ብዙ ስካነሮች ኮዱ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎሜትር እንደተነዳም ያሳያሉ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ተነቅሎ ከነበረም ምርመራዎቹ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት በደንብ ነድታችሁ ድጋሚ አስፈትሹ። የሃይብሪድ ባትሪን በክፍል በክፍሉ የሚያነብ ስካነር ካገኛችሁ ደግሞ ዳገት ላይ እየተነዳች ቮልቴጁን እዩ። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ለብቻው ወርዶ ከታየ ባትሪው ታሟል።

«ባትሪው ታድሷል» ሲሏችሁም ቶሎ አትደሰቱ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 የወጣው የቶዮታ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ተያይዘው የተሠራ ነው። እድሳት የሚሉት ብዙ ጊዜ የሞተውን አንዱን አውጥቶ ሌላ ያገለገለ መተካት ነው። የቀሩት 27ቱ ግን እኩል ያረጁ ናቸው። ዛሬ አንዱ፣ ከወራት በኋላ ጎረቤቱ። ስንቱ እንደተቀየረና ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሃይብሪድ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ከተማ ውስጥ ቁም ሂድ በሚበዛበት መንገድ ነዳጅ በእውነት ይቆጥባል። ፍሬን ስትይዙ ይባክን የነበረው ኃይል ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም። ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ግን ፍሬን ብዙ ስለማይያዝ ጥቅሙ ይቀንሳል። ውሎአችሁ እዚያ ከሆነ፣ የምትቆጥቡት ነዳጅ የአንድ ባትሪ ዋጋ ይሸፍን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሃይብሪዶች ላይ የባትሪው አየር መሳቢያ ከኋላ ወንበር ጎን ነው። እጃችሁን ሰዳችሁ ዳሱት። አቧራና ፀጉር ከደፈነው ባትሪው በሙቀት ሲሰቃይ ኖሯል ማለት ነው። የእኔን መካኒኩ ሲከፍተው ጥቅጥቅ ያለ አቧራ ወጣ።