1500 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ዩፒኤስ ለቤት ውስጥ ዕለታዊ ግብይት (ዴይ ትሬዲንግ)፦ የሚችለውና የማይችለው

ይህ ባለ 900 ዋት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎች አሉት። ኮምፒውተር፣ ሁለት ስክሪንና ራውተር በድምሩ 200 ዋት ቢወስዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያቆያል። በገበያው ላይ ገና ያልተዘጋ የግዢ ወይም የሽያጭ ግብይት ለመዝጋት ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ግን አይሆንም።

ከኋላው ካሉት ሶኬቶች ግማሾቹ ከባትሪው ጋር አልተያያዙም። ሞደሙን እዚያ የሰካ ሰው ኮምፒውተሩ እየሠራ ኢንተርኔቱ ይጠፋበታል። ዋናው ጉድለቱ ግን በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው፦ እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ (ንጹሕ ሳይን) ስላልሆነ፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ (የኃይል አወሳሰድን የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው አንዳንድ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዮች ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ሲዞር ድርግም ብለው ይጠፋሉ። ስለዚህ ገበያ በተዘጋበት ሰዓት ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ መሞከር የግድ ነው። የንጹሕ ሳይን ሞዴሉ ዋጋው ቢጨምርም ተመራጭ ነው። ባትሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ያሳጥረዋል።

የኢንተርኔት መስመሩ ራሱ ከተቋረጠ ዩፒኤሱ አይረዳም። የሌላ ኔትወርክ ሲም ያለው፣ የደላላው (ግብይቱን የሚያስፈጽመው ድርጅት) አፕ አስቀድሞ የተከፈተበት ስልክ አጠገብ ይኑር። ስቶፕ ሎስም (ኪሳራ ሲደርስ ግብይቱን በራሱ የሚዘጋ ትእዛዝ) በደላላው ሰርቨር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሜታትሬደር በተባለው የግብይት ፕሮግራም ላይ ትሬሊንግ ስቶፕ (ዋጋው ወደ ትርፍ ሲሄድ አብሮ የሚከተል ስቶፕ ሎስ) የሚንቀሳቀሰው ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ እስከተገናኘ ድረስ ብቻ ነው፣ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት መብራት ከሄደ በኋላ ነው።