ዓሣው ለምን ሞተ? ስድስት በአንዱ የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ሲፈተሽ

ይህ የዓሣ ገንዳ ውሃ መመርመሪያ ወረቀት ከአምስት ሦስት ነጥብ ይገባዋል። ሁለት ነጥብ ያስቀነሰው ዋናው ነገር የሌለበት መሆኑ ነው። ወረቀቱ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት)፣ የውሃውን ጠጣርነት፣ የካርቦኔት መጠኑን፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ክሎሪን ይለካል፤ አሞኒያን ግን አይለካም። ገንዳው ከተተከለ ገና ሁለት ሦስት ሳምንቱ ከሆነና ዓሣው አንድ በአንድ እያለቀ ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው አሞኒያ ነው። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃልና። ስለዚህ ጠብታ የሚጨመርበትን የአሞኒያ መመርመሪያ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ደህና፣ ወደ አረንጓዴ ካደላ በዚያው ቀን የገንዳውን ውሃ ግማሽ መቀየር ነው።

ወረቀቱ የሚመሰገነው በናይትራይት ነው። ሮዝ ቀለም ጠቆር ብሎ ከታየ፣ ዓሣው ውሃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ ይታፈናል፤ ናይትራይት ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ውሃ ከመቀየር ጋር በሊትር 1 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው መጨመር ጊዜ ይገዛል።

ክሎሪኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሃ በተቀየረ በሰዓታት ውስጥ ዓሣ ከሞተ በኋላ ወረቀቱን ገንዳው ውስጥ ነክሮ «ዜሮ ነው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ክሎሪኑ የዓሣውን መተንፈሻ አካል አቃጥሎ፣ ከቆሻሻው ጋር ተዋህዶ አልቋል። የሚለካው ከቧንቧ አሁን የተቀዳው ውሃ ነው። ሮቶ ውስጥ በረኪና ተጨምሮ እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። መፍትሔው ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ማሳደር ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ክሎሪን አጥፊ ያለበትን የውሃ ማከሚያ መጨመር ነው።

ደሴ አቅራቢያ ካለው ከሐይቅ ከተማ ሐይቅ በጀሪካን ውሃ ቀድቶ የሚያመጣም አለ፤ «የዓሣ አገር ውሃ ነው» ብሎ። የዚያ ሐይቅ ውሃ ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለምዶታል፣ ከሱቅ የመጣ ዓሣ አይለምደውም። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል አሥር እጥፍ ያህል ይጨምራል። ትናንት ዓሣውን ያልጎዳው አሞኒያ ዛሬ የሚገድለው ለዚህ ነው፤ የፒኤቹን ቀለም ከአሞኒያው ጋር አንድ ላይ ማንበብ ይገባል።

ወረቀቱ ጨርሶ ዝም የሚልባቸውም አሉ። አንዱ ኦክስጅን ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ብርዱ ያካክስ ነበር፤ ማሞቂያ ሲገባ ግን ያ ይቀራል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ከቆመ፣ ጎህ ሲቀድ ዓሣው አፉን ላይ አድርጎ ሲተነፍስ ይገኛል፤ ትልልቆቹ ይቀድማሉ። ሁለተኛው ፍሊት ነው። ለትንኝ ሳሎን ውስጥ ሲረጭ የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት ለሰው ሲቀል ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ከሞቱና ወረቀቱ ንጹሕ ካሳየ፣ ማን ምን እንደረጨ ይጠየቅ።

አጠቃቀሙ ላይ፦ አንድ ሁለት ሰከንድ ነክሮ ማውጣት፣ አለማራገፍ፣ አግድም ይዞ በመመሪያው ሰከንድ ማንበብ። ዘግይቶ የተነበበ ቀለም ውሸት ነው። ምርመራው ውሃ ከመቀየሩ በፊት ይሁን፤ ብዙዎች ደንግጠው መጀመሪያ ውሃውን ደፍተው ነው የሚለኩት። ማሸጊያውን በእርጥብ እጅ መንካትም ሆነ ክረምት ላይ ክፍቱን መተው ወረቀቱን ያበላሻል። ሲገዛ የማለቂያ ቀኑ ይታይ፤ ቀኑ ያለፈበትን በቅናሽም ቢሆን አይውሰዱት።