የውሃ ማጣሪያዬን ከመጣል ያዳነልኝ ልጅ

ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ ሳላመሰግነው ብቀር ይከብደኛል። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ እሺ ብየዋለሁ።

ውሃችን የጉድጓድ ነው፤ ብረት አለበት፤ ሲያድር ቀይ ዝቃጭ ይተዋል። ለዚህ ነው የሴራሚክ ማጣሪያ ያስገጠምሁት። ራሱን በራሱ ያጥባል የሚባለው ዓይነት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ውሃውን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ እየገፋ የያዘውን ቆሻሻ ይጥላል።

ክረምት ላይ ተደፈነብኝ። 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 40 ደቂቃ! አንድ ሱቅ «ጣይውና አዲስ ግዢ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

ይህ ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጣ። ማጣሪያውን ሳይነካ በፊት እጥበቱን የሚያስነሳውን ሰዓት ቆጣሪ አየ። ለካ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆም ነበር። ራሱን ያጥባል ያልነው ነገር ለሳምንታት ሳይታጠብ ከርሟል። «እትዬ፣ ይሄ ይታጠባል እንጂ አይጣልም» አለኝ።

መጀመሪያ በውሃ በቀጠነ በረኪና ዘፈዘፈው፤ ለሚያሟልጨው ነገር ነው። ደጋግሞ በንጹህ ውሃ አለቀለቀው። ከዚያ ለዝገቱ ሲትሪክ አሲድ። ሁለቱ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ፣ እንዳይቀላቀሉ ብሎ ግድግዳዬ ላይ በትልቁ ጻፈልኝ። ሴራሚኩ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የተቃጠለ ስለሆነ ይህን ሁሉ ይችላል። ከወደቀ ግን እንደ ጀበና ነው፤ ከተሰነጠቀ አለቀለት።

አሁን ጀሪካኑ በ5 ደቂቃ ይሞላል። ልጆቼ መስለው የሚበሉ ደንበኞቼን ንጹህ ውሃ ሳጠጣ ደስታዬ ልክ የለውም።

በጣም የወደድሁት ግን እውነተኛነቱን ነው። ማጣሪያው ባክቴሪያን ቢያስቀርም ቫይረስ ከቀዳዳው ስለሚያንስ ሊያልፍ እንደሚችል ነገረኝ። ስለዚህ ለመጠጥ በሚሆነው ላይ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ እንድጨምር፣ እሱንም ከተጣራ በኋላ እንድጨምር መከረኝ፤ በድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ጉልበቱ ይደክማል። ማጣሪያውን የሸጠልኝ ሰው ይህን አንድም ቀን አላነሳልኝም። ከወር በኋላም ሳልጠራው ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ብሎኛል።

ከደምበጫም ሆነ ከቡሬ ለምትፈልጉት ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላላችሁ ለኩ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።